ሰው አልነበረኝም

በአምባ ዘጠኝ ወንድምአገኝን የማያውቅ የለም። አናጺ ነበር። አሶሳና ዙሪያዋ ካሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ብዙዎቹ የእሱ ምስማር ያረፈባቸው ናቸው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ ወሎን ከእናቱ ከእማማ አሰለፈች ወሬ በቀር የማያውቅ ሰው ነው።

የወደቀው ከአንድ መጋዘን ጣሪያ ላይ ነው። ክረምት ሳይገባ እንጨርስ ተብሎ በጥድፊያ ሲሠሩ፣ ምስጥ የበላው ማገር ረገጠና በጀርባው መሬት ላይ አረፈ። ሐኪሞቹ አከርካሪው አልተበጠሰም፣ ነገር ግን ተጎድቷል አሉ። ቢያነሡት ቢያስቀምጡት እግሮቹ የሌላ ሰው እግር ሆኑበት። ዓመት ሳይሞላ ሚስቱ "ቤተሰቦቼን ጠይቄ ልምጣ" ብላ ባምባሲ ወረደች፤ በዚያው ቀረች። አብረውት ጣሪያ ሲወጡ የነበሩት ጓደኞቹም መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ፣ ኋላ ደግሞ በመንገድ ሲያልፉ ከአጥር ውጭ "እንዴት ነው?" እያሉ ብቻ መሄድ ጀመሩ።

ሙርሳል ግን አልቀረም። ሙርሳል ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታ መንደር ነው፤ ገበሬ ነው፣ የአህያ ጋሪም አለው። ወንድምአገኝ ጤነኛ ሳለ ቀርከሃና እንጨት የሚያመላልስለት እሱ ነበር። ትውውቃቸው የሥራ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ማኅበርም ዕድርም አላገናኛቸውም። አንድ ቀን ሊጠይቀው መጥቶ በር ላይ ሲቀመጥ እማማ አሰለፈች ልጃቸውን ጸበል ሊያስጠምቁት እንደሚመኙ፣ ነገር ግን ጸበሉ ገደል ውስጥ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወርደው እንዳጡ እያለቀሱ ነገሩት።

ሙርሳል ትንሽ አሰበና፣ "እማማ፣ አህያ አለ። ጋሪ አለ። ጀርባም አለ። ምን ጎደለ?" አላቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ማለዳ የሙርሳል ጋሪ ከደጃፋቸው አልጠፋም። ጋሪው የሚደርሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ድረስ ነው። ከዚያ ቁልቁል ያለው መንገድ ለአህያም አይመችም። ሙርሳል ጎንበስ ይልና ወንድምአገኝን አዝሎ፣ በአንድ እጁ የዛፍ ሥር እየያዘ ይወርዳል። ጸበሉን የከበበው የቀርከሃ አጥር ጋ ሲደርስ ለጸበልተኞቹ ያስረክበውና ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ጥምቀቱ ሲያበቃ ደግሞ ያንኑ ዳገት አዝሎት ይወጣል። ረመዳን ሲሆን በደረቀ ጉሮሮ አደረገው። ጭቃ ሲሆን ጫማውን አውልቆ አደረገው። አምስት ዓመት ግድም እንዲህ ሆነ።

ወንድምአገኝ ያመሰግነው ነበር፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ሳይል ከጋሪ ወርዶ አያውቅም። ነገር ግን በልቡ ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበረ። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ዳገቱን ሲወጡ፣ የምትወርድ ሴትዮ ቆም ብላ ለጓደኛዋ "እስላም አዝሎት ነው እንዴ ጸበል የሚመጣው? ዘመድ የለውም?" ስትል ሰማት። ፊቱን ሙርሳል ትከሻ ላይ ደበቀ። ጆሮው ጋለ። ከዚያ ወዲህ ሰው በበዛበት መንገድ ላይ ሲደርሱ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስል ነበር።

በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ እንደወትሮው ጸበሉ በጀርባው ላይ ሲወርድ፣ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። አንድ ሙቀት ከወገቡ ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ተረከዙ ሄደ። አጥሩን ጨበጠና ቆመ። ያጠምቁ የነበሩት ቄስ ካሣዬ መስቀላቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ወንድምአገኝ አንድ እግሩን አነሣ፤ ሁለተኛውን አስከተለ። ዳገቱን የወጣው በገዛ እግሩ ነው፤ ሙርሳል ከኋላው፣ እንደ ድክ ድክ ባይ ሕፃን እናት፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሳይነካው ተከተለው። ላይ ሲደርሱ ሙርሳል ጋሪው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "አልሐምዱሊላህ" አለ ደጋግሞ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በጥር ንግሥ ጊዜ ከከተማ የመጣ እዩኤል የሚባል ወጣት ሰባኪ ወንድምአገኝን ጠርቶ ምስክርነት እንዲሰጥ ጠየቀው። ከመድረኩ ጀርባ ሆነው፣ "አጭር አድርገው፣ ወንድሜ" አለው። "ሆስፒታሉን፣ መንገዱን፣ ማን ምን እንዳደረገ አታብዛ። ሕዝቡ የእግዚአብሔርን ሥራ ብቻ ይዞ ይሂድ።" ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ነው ያለው።

ወንድምአገኝ ወጣ። ሜዳው ነጭ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ አይቶት አያውቅም። ሰባኪው ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋለትና ጠየቀው።

"ያን ሁሉ ዓመት አልጋ ላይ ስትኖር፣ እንደዚያ እንደ መፃጉዕ፣ ሰው ነበረህ?"

የሙርሳል ስም እስከ ምላሱ ጫፍ መጣ። ያኔ ከፊት ረድፍ ያችን ሴትዮ ያያት መሰለው። እሷ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አያውቅም። "እስላም አዝሎት" ያለችው ድምፅ ግን ልክ እንደዚያ ቀን ጆሮው ውስጥ ጮኸ።

"ሰው አልነበረኝም" አለ። ዝምታ ሆነ። ዝምታው ጣፈጠውና ጨመረበት። "አንድም ሰው። እሱ ብቻ።"

እልልታው ሜዳውን ሞላው። ከበሮው ተመታ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ወንድምአገኝም አለቀሰ፤ የምር ነበር ያለቀሰው። ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል ግን ድምፅ ማጉያው ታየው። ዛፍ ላይ ታስሮ አፉን ወደ መንገዱ አድርጓል። መንገዱ ላይ፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ሙርሳል ለአህያው ሣር ያበላል። እማማ አሰለፈች እግራቸው ስለደከመ በጋሪ ያመጣቸው እሱ ነበር።

እናቱን በዓይኑ ፈለገ። ከሴቶቹ መሃል ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ።

ሲወጡ ሙርሳል እማማ አሰለፈችን ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣቸው። "አንተስ? ትወጣለህ ወይስ በእግርህ ነው?" አለው።

"በእግሬ" አለ ወንድምአገኝ።

ከጋሪው ጎን ጎን ሄደ። ከዚያ ሙርሳል ልጓሙን እንደያዘ፣ ወደ እሱ ሳይዞር ጠየቀው።

"ያ መፃጉዕ የሚሉት፣ እሱ ማነው?"

ወንድምአገኝ ነገረው። በኢየሩሳሌም አንድ መጠመቂያ እንደነበረ፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባ እንደሚድን፣ ይህ ሰው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ተኝቶ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንዳልነበረው፣ ጌታም መጥቶ በቃሉ ብቻ እንዳስነሣው።

"ሠላሳ ስምንት" አለ ሙርሳል። "ወላሂ ብዙ ነው።" ጥቂት ሄዱ። "ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምግብ ማን አመጣለት?"

"እሱ አልተጻፈም።"

"እሺ" አለ ሙርሳል። ቤት ሲደርሱ እማማን አወረደና ሰላም ዋሉ ብሎ ሄደ።

ወንድምአገኝ ያን ዕለት ምሳ አልበላ አለው። የሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ እናቱ ነጠላቸውን ከተሰቀለበት አላወረዱም። "እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም? ባጃጅ ልጥራልዎ?" ቢላቸው፣ "በምን ዓይኔ ነው ያን ልጅ የማየው? በምን ዓይኔ?" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ሰው ባፈረበት ሰው ላይ ይከፋል። ወንድምአገኝ ሙርሳል የሚመጣበትን መንገድ ትቶ በእርሻው ዳር መሄድ ጀመረ። ከሩቅ ጋሪውን ሲያይ ወደ ቀርከሃው ገባ ይላል። በልቡም ክስ ማዘጋጀት ያዘ። ለምን ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ? እግዚአብሔር ብቻ ማለት ሰው ናቀ ማለት ነው? ተሸከመኝ እንጂ ፈወሰኝ እንዴ? ሌሊት በእነዚህ ክሶች ረትቶ ያድራል፤ ጠዋት አንዳቸውም አብረውት አይነሡም።

ምስክርነቱን የቀረጹ ልጆች በስልክ ለቀቁት። ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ባምባሲ ድረስ ተጠርቶ መሰከረ፤ ያንኑ ደገመ። የሰፈሩ ሰው "መፃጉዕ" የሚል ስም አወጣለት፤ በፍቅር ነበር፣ ጠላ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ይጠሩታል። ስሙ በተጠራ ቁጥር ፈገግ ይልና እርምጃውን ያፈጥናል።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ጎመንና ሽንኩርት ሊገዛ ሲዞር የሙርሳል ሚስት ብኸይታ ከደረቀ ባሚያዋ ጀርባ ተቀምጣ አየችው። ሊያልፍ ነበር።

"ና" አለችው። ድምፅዋን አላነሣችም፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። "አንተ ከሙርሳል ትሸሻለህ። ከኔ አትሸሽም።"

"ብኸይታ፣ እንዴት ናችሁ…"

"ደኅና ነን። ሙርሳል ዝም ይላል። እኔ ዝም አልልም።" እጇን ባሚያው ላይ አሳረፈች። "ሴት ልጄ ዐርዋ ትምህርት ቤት በስልክ አየህ። ጓደኛ አሳየው። ቤት መጣ፣ አባቱን ጠየቀ፦ 'አባ፣ ይህ ሰውዬ ሰው የለኝም ይላል። አንተ እሑድ እሑድ የት ነበር የምትሄደው?' አለው። ሙርሳል ምን ይበል? እውነት ይናገር፣ ልጁ ያምናል? ቪዲዮ አለ። ሰው ሁሉ አልቅሷል። ልጁ አባቱን በዓይኑ እንዲህ አድርጎ ያየዋል።" በጎን ዓይኗ አሳየችው። "አምስት ዓመት የት ትሄድ ነበር ይላል። እናቴንስ ምን ብለህ ዋሸህ ይላል።"

ወንድምአገኝ ዙሪያውን አየ፤ የሰማቸው ሰው እንዳለ ሊያይ። ብኸይታ ያንን ዓይኑን አየችው።

"እንዲሁ ነህ" አለች። "ሂድ በቃ። ገበያ ነው፣ መንገድ አትዝጋ።"

ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ። ሰፋሪውም በርታውም ጾመኛ ሆኖ፣ በሙቀቱ ሁሉም በየጥላው ዝም ብሎ ይውላል። የጾሙ አራተኛ እሑድ መፃጉዕ ነው። ወንድምአገኝ ከቅዳሴ ለመቅረት አስቦ ነበር፤ ሰው ሁሉ "የኛው መፃጉዕ የት ሄደ" እንዳይል ሄደ። ከኋላ፣ ከግንቡ ሥር ቆመ። ሆኖም ወንጌሉ ሲነበብ አንገቶች ወደ እሱ ዞሩ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ጠቆሙት።

ያስተማሩት ቄስ ካሣዬ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ማይክ የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን እንደተለመደው ካወጉ በኋላ፣ አባቶች የሚተርኩትን ጨመሩ። ጌታ በሐና ፊት በቆመ ጊዜ ፊቱን በጥፊ የመታው ያው የዳነው ሰው ነው፤ ከአልጋ ያነሣውን ጌታ ለመምታት ነው ያቺን እጁን ያነሣት አሉ። "ከአልጋ መነሣት ድኅነት ይመስለናል" አሉ። "ወንጌሉ ግን እዚያ አያበቃም። ጌታ በኋላ በመቅደስ አገኘውና፣ ከዚህ የባሰ እንዳያገኝህ ተጠንቀቅ አለው። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ከሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ የባሰ ምንድን ነው?"

አልመለሱትም። ተሻግረው ወደ ሌላ ነገር ሄዱ። ወንድምአገኝ ግን በዚያው ቀረ። ቀኝ እጁን ነጠላው ውስጥ ደብቆ እንደያዘ ያወቀው ሕዝቡ ሲበተን ነው።

ቄሱን ከቅጥሩ ኋላ ብቻቸውን አገኛቸው። መስቀል ተሳለመና እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ሴትዮዋን፣ ማይኩን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ዐርዋን።

"አባ፣ ሙርሳል አንድ ነገር ጠይቆኛል" አለ በመጨረሻ። "ያን ሁሉ ዓመት ምግብ ማን አመጣለት አለኝ።"

ቄሱ፣ "ይህን ያህል ዓመት ሳስተምረው አልጠየቅሁትም" አሉ። "እውነት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ ሰው አይኖርም። አንዲት እናት፣ አንድ ጎረቤት፣ አንድ መንገደኛ ነበረ። እሱ ግን ዓይኑ ውኃው ላይ ብቻ ስለነበር እነሱን ሰው ብሎ አልቆጠራቸውም። ጌታ በዚህ አልተቆጣውም፤ በሽተኛ ነውና። ድኖ ከሄደ በኋላ ነው ፈልጎ ያስጠነቀቀው። እግሩ ድኖ ዓይኑ ካልዳነ፣ ያቺ እግር የምትወስደው ወደዚያ ጥፊ ነው።"

"እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ አባ። ሳላየው አይደለም የካድሁት።"

"እንግዲያ ያንተ ይብሳል" አሉ ቄስ ካሣዬ። አላቃለሉለትም። "ንስሐውን እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን የሰጠኸውን ምስክርነት በሰጠህበት ቦታ መልስ።"

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄሱ ሕዝቡን አስቆሙለት። ወንድምአገኝ ማይኩን ተቀበለ። "በጥር ሰው አልነበረኝም ብያችኋለሁ" አለ። "ዋሽቻለሁ። ሰው ነበረኝ። ሙርሳል ሻዕባን ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ ነው። አምስት ዓመት በጀርባው አዝሎኛል። ስሙን ያልጠራሁት ረስቼው አይደለም። ሙስሊም፣ በርታ አዘለው እንዳትሉኝ አፍሬ ነው።"

እልል ያለ የለም። አንድ ሽማግሌ "ኧረ ልጄ" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ሴቶች ተነሥተው ሄዱ። ከመሃል አንዱ፣ "የእግዚአብሔርን ክብር ለሰው ሰጠ" ሲል ተሰማ። በጥር ስልካቸውን ደቅነው የቀረጹት ልጆች ያን ቀን አልቀረጹም። ወንድምአገኝ ማይኩን መልሶ ወረደ፤ እናቱ ብቻ እጃቸውን ዘረጉለት። ያን ዕለት እማማ አሰለፈች ቤተ ክርስቲያን የመጡት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ በእግራቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻገረ። ሙርሳል ማንጎ ሥር ተቀምጦ የአህያውን ጭነት ልብስ ይሰፋል። አየውና መርፌውን አቆመ።

"ዐርዋ አለች?" አለ ወንድምአገኝ።

ሙርሳል ግራ ገባው። ከዚያ በበርታኛ ተጣራ። ዐርዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ደብተሯን እንደያዘች ወጥታ በር ላይ ከነበረችው እናቷ አጠገብ ቆመች። አማርኛዋ እንደ ከተማ ልጅ የጠራ ነው።

ወንድምአገኝ ማይክ ላይ ያለውን ደገመላት። እዚህ ከዚያ የከበደ ሆነበት፤ ቃሉ እየተሰባበረ ወጣ። ልጅቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ታዲያ ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አልክ?"

"አፍሬ።"

"በምን?"

ሙርሳልን አላየውም። "በአባትሽ" አለ። "አባትሽ አዝሎኝ ሰው ሲያየኝ አፍር ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ጀርባው ላይ ሆኜ የተኛሁ እመስል ነበር።"

ይህን ሙርሳል አያውቅም ነበር። በጥር ወር የሆነውን ያውቅ ነበር፤ ያንን ብቻ ነበር የሚያውቀው። መርፌውን ልብሱ ላይ ሰካና ወደ ወንዙ ተመለከተ።

"እኔ አንተ ስትተኛ ቀስ እል ነበር" አለ። "እንዳትነቃ።"

ወንድምአገኝ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ይቅር በለኝ ሊል አስቦ ነበር፤ አላለም። ብኸይታ ወደ ቤት ገባች። ዐርዋ ግን አባቷን እያየች ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ የጭነት ልብሱን ሌላ ጫፍ ይዛ ወጠረችለት። ሙርሳል መስፋቱን ቀጠለ።

"ኸላስ፣ በቃ" አለ በኋላ። "ጀምበር ልትጠልቅ ነው። እማማ ብቻዋን ናት። ሂድ።"

ለማፍጠሪያው አልጠራውም፤ ወንድምአገኝም አልጠበቀም።

ሁለቱ ጾሞች አልፈው፣ ዝናቡ ጀምሮ፣ ሙርሳል እማማ አሰለፈችን እንደገና በጋሪ መውሰድ ጀምሯል። ወንድምአገኝ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ መሬት ላይ በርና መስኮት ይሠራል። ለምስክርነት የሚጠራው የለም። ቪዲዮው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል፤ የቀረጹትን ልጆች አጥፉልኝ ብሎ ቢለምን፣ ከእጃችን ወጥቷል አሉት። ስለዚህ መንገድ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ አንዱ አስቁሞ "አንተ ያ የዳንከው ሰውዬ አይደለህም?" ሲለው፣ ቀሪውን እዚያው ይነግረዋል። ሲነግር ፊቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ይቀላል። የሰሙት አንዳንዶቹ ያዝናሉ፣ አንዳንዶቹ ከፍቷቸው ይሄዳሉ።

ሙርሳል ሲያገኘው እጁን ይጨብጠዋል፤ ስለ እናቱ፣ ስለ እግሩ ይጠይቀዋል። ብኸይታ ባሚያ ስትሸጥለት ዓይኗን አታነሣም። ዐርዋ ሰላምታውን በግማሽ አፏ ነው የምትመልሰው። ወንድምአገኝ አይከፋባትም፤ ልክ ናት ይላል።